እጩ የሚለየው ከምርጫው ቀን በፊት ነው

ሁለት ተነጋጋሪዎችን እናስብ። አንዷ ደሴ ውስጥ ረጅም ዘመን ያስተማሩ፣ በቀበሌ ምክር ቤት የተቀመጡ፣ የሠፈራቸውን የሴቶች እድር የመሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ሌላዋ በዚያው ከተማ የአንድ ፓርቲ አባል የሆነች ወጣት ናት። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ለጉዳዩ ለውጥ አያመጣም፤ የሚያነሡት ጥያቄ በሁሉም ቤት አለ።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹን የሚሞላው ሴት ነው። መራጭ እንዲመዘገብ ቤት ለቤት ዞሮ የሚያስታውሰው ሴት ነው። በምርጫው ቀን ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ተከናንባ ሰልፍ የምትይዘው ሴት ናት። የእጩዎቹ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን የማየው ወንድ በወንድ ነው። ነገሩ የሚገለበጠው የት ላይ ነው?

መምህርቷ፦ የሚገለበጥ ነገር የለም ልጄ። ሥራው ከመነሻው ለሁለት የተከፈለ ነው። ሰው መጥራት፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ የተኳረፈውን ማግባባት ለሴት ተሰጠ፤ መወሰን ለወንድ። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ይባላል። ሰው ሁሉ ለሴት የተሰጠ ሙገሳ ይመስለዋል። ልብ ብለሽ ብትሰሚው ግን ላኪዋ ሴት ናት፣ ሂያጁ ወንድ ነው። የፓርቲዎቻችንም አሠራር ከዚህ ፈቅ አላለም። እኛ እንልካለን፣ እነሱ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ በኋላ ማን እንደላካቸው ይዘነጋሉ።

ወጣቷ፦ ሕጉ ግን አልከለከለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ለሁሉም ዜጋ ይሰጣል፤ አንቀጽ 35 ደግሞ ያለፈውን በደል ለማካካስ ለሴቶች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይደነግጋል።

መምህርቷ፦ መብቱማ ከዚያም በፊት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሴቱም ወንዱም እንዲመርጥ ተፈቀደ። ለመመረጥ ግን በምርጫ ክልሉ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በዚያን ዘመን ርስቱና ቤቱ በማን ስም እንደሚጻፍ አንቺም አታጪውም። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ እያንዳንዱ በራሱ ስምና በራሱ ገንዘብ ነበር የሚወዳደረው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አሸንፈው ገቡ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤትም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ወጣቷ፦ እሳቸው እኮ ተራ ሰው አልነበሩም።

መምህርቷ፦ እኔም ወደዚያ ልወስድሽ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ውጭ አገር የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለአርበኞች የቆሙና አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ናቸው። ማንም ሳይሰጣቸው የራሳቸውን ስም ይዘው ነው የገቡት። መንገዱ እንደሚያስገባ አሳዩን። ግን ያን ያህል ስም ያላት ሴት ብቻ የምታልፍበት በር ለእኔና ለአንቺ በር አይባልም። ለብዙዎቻችን የሚሆነው በር የተከፈተው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌ ሲቋቋም ነው። መንግሥት እቤታችን አጠገብ መጣ። በ1972 ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ተመሠረተና ሴቱ በየቀበሌው ተደራጀ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ያኔ ለምን አልሆነም?

መምህርቷ፦ አጀንዳው ከላይ ስለሚወርድ ነዋ። ብዙ ሴት ማንበብና መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመን ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገርም የለመድነው እዚያ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ማኅበሩ የሚነግረን እንጂ የሚሰማን አልነበረም። መንግሥት ሲለወጥ ስሙ ተለወጠ፤ የሴቶች ሊግ መጣ፣ የልማት ቡድን መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። ከጤና ኬላው ጋር ሆነን ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ አስኬድን፤ ልጅ አስከተብን፤ መጸዳጃ ቤት አስቆፈርን። ያንኑ መረብ ምርጫ ሲደርስ ካድሬው ይመጣና ለቅስቀሳ ይጠቀምበታል። እጃችን ተፈለገ፤ አፋችን አልተፈለገም።

ወጣቷ፦ እርስዎ ግን በ2000 ዓ.ም. ተመርጠው ምክር ቤት ገብተው ነበር አይደል?

መምህርቷ፦ ገብቻለሁ። የዚያን ዓመት ሚያዝያ በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል ድረስ እንዲሰፋ ተደርጎ ነበር። ሴት ሞላንበት። አዳራሹ ውስጥ ስቀመጥ ግራዬም ቀኜም ሴት ነው። ታዲያ ማን እንዳስቀመጠን ታውቂያለሽ? በአብዛኛው ስፍራ ተፎካካሪ አልነበረም። ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ መጣ፣ ተነበበ፣ ጸደቀ። ስለዚህ አንዲት ተመራጭ የውሃውን ነገር ለመጠየቅ ስትነሣ መጀመሪያ ዞራ የምታየው መራጩን ሳይሆን ዝርዝሩን ያዘጋጀውን ሰው ፊት ነበር። ቅር ካለው ትቀመጣለች።

ወጣቷ፦ እንደሱ ከሆነ እትዬ፣ ኮታ የሚባለውን ነገር ሊነቅፉት ነው። እኔ እዚያ ላይ አልስማማም። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1992ቱ ምርጫ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ሴቶች የያዙት 42 ብቻ ነበር። በ2002 ዓ.ም. 152 ደረሰ፤ በ2007 ዓ.ም. 212። ገዢው ፓርቲ ራሱን አስገድዶ ባይወስን ኖሮ ይኼ በምን ተአምር ይመጣል? ወንዶቹ አስበውልን ቦታ እስኪለቁ ብንጠብቅ አሁንም 42 ላይ ነን።

መምህርቷ፦ ቁጥሩን አልነቅፍም፤ ያልሽው እውነት ነው። ግን ያንኑ የ2007ቱን ምርጫ ሌላኛውን ቁጥር ጨምሪበት። ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ። ይኼን ያህል ሴት አስገቡ ብሎ ከላይ ያዘዘ ይኼን ያህል ሴት አገኘ። መልካም። ነገ ያው ሰው ቀንሱ ቢልስ? ቁጥሩን የጨመረው እጅ ሊቀንሰውም ይችላል። የእኔ ጥያቄ ሴቷ ገባች ወይስ አልገባችም የሚል አይደለም፤ ከገባች በኋላ መልስ የምትሰጠው ለማን ነው የሚል ነው።

ወጣቷ፦ ገብታ ካልሠራች ለማን መልስ እንደምትሰጥ እንዴት ይታወቃል? የህንድን ነገር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ 73ኛ የሚባል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አላቸው። ፓንቻያት በሚባለው የገጠር ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው መቀመጫ ለሴት ተለየ። የሊቀ መንበርነቱም አንድ ሦስተኛ እንዲሁ። ቦታው በየምርጫው ስለሚዞር በዚህ ዙር ሴት የደረሳት መንደር አለ፣ ያልደረሳት መንደር አለ። ቻቶፓድያይና ዱፍሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች በዌስት ቤንጋልና በራጃስታን ሁለቱን ዓይነት መንደሮች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱን አሳተሙ። ሴት የምትመራው ምክር ቤት ለመጠጥ ውሃ የበለጠ ገንዘብ አውሏል። በሁለቱም ክፍለ ሀገር ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ አቤት የሚሉት ስለ ውሃ ነበር። እንግዲህ ያቺ ሴት የገባችው በኮታ ነው። መልስ የሰጠችው ግን እንስራ ለተሸከመችው ነው።

መምህርቷ፦ ባልየው ተጭኖ የሚሠራባት የለችም?

ወጣቷ፦ አለች። እዚያም ስም አውጥተውለታል፤ «የሊቀ መንበሯ ባል» ይሉታል። ማኅተሙ በእሷ ስም፣ ስብሰባውን የሚመራው እሱ። ይኼ አልጠፋም። ነገር ግን በዌስት ቤንጋል ሁለት ዙር ሴት ያየ መንደር በሦስተኛው ዙር ቦታው ለሴት ሳይለይም ሴት መምረጥ ጀምሯል። የሴት ልጆችና የወንድ ልጆች የትምህርት ልዩነትም በእነዚያ መንደሮች ጠብቧል። ወላጁ ለሴት ልጁ የሚመኘው ተለወጠ ማለት ነው። ሴትን ወንበር ላይ ማየት በራሱ ያስተምራል እትዬ።

መምህርቷ፦ ይኼንን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አስተውዪ። የህንዷ ሴት ቦታው ይለይላት እንጂ ከመንደሯ ሌሎች ሴቶች ጋር ተወዳድራ፣ ጎረቤቷ ድምፅ ሰጥቷት ነው የገባችው። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ ያስገባት መንደሩ ነው። ስለዚህ አሁን አንድ ቦታ ደርሰናል። ኮታ ሲኖር መራጭም ይኑርበት። ዝርዝሩን ሦስት ሰው ጓዳ ተቀምጦ ከሞላው ኮታው ለሦስቱ ሰዎች ሆነ ማለት ነው።

ወጣቷ፦ የእኛን አገር አስቸጋሪ የሚያደርገው ደግሞ የምርጫ ሥርዓቱ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚያሸንፈው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። ፓርቲው በአንድ ክልል አንድ እጩ ብቻ ካቀረበ ሴት አቀረበ ማለት አንዱን ወንድ አስቀረ ማለት ነው። ወንበሩን የለመደው ሰው በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ሴቷን ፓርቲው ተስፋ ወደቆረጠበት ክልል ይገፏታል። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለፓርቲዎች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ሲከፋፈል የሴት እጩዎች ብዛት እንዲታይ ያደርጋል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ግን ገንዘቡ የሚቆጥረው የቀረበችውን ነው። የምታሸንፍበት ቦታ ቀረበች ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መምህርቷ፦ ለዚህ ነው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ለሴት የሚበጀው። እዚያ ከአንድ ሠፈር ብዙ ሰው ነው የሚመረጠው። አንዷ ስትገባ አንዱ የግድ መውጣት የለበትም። ለቅስቀሳ መኪና አያስፈልግሽም፤ በእግርሽ ትጨርሺዋለሽ። ልጅሽን ለአዳር ትተሽ አትሄጂም። የሚመርጥሽ ሰው ደግሞ ሥራሽን ያውቃል፤ ሐዘን ላይ አይቶሻል፣ ገንዘብ ስትይዢ አይቶሻል።

ወጣቷ፦ ያ ምርጫ የታለ ታዲያ? የመጨረሻው በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ፤ በ2013 ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግም የቀበሌና የወረዳው አልነበረበትም። በ2005 ሕፃን የነበረች ልጅ ዛሬ የቀበሌ ምርጫ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አድጋለች። ስለ ሴቶች የፖለቲካ ተሳትፎ በየሆቴሉ ሥልጠና ይሰጣል። የመጀመሪያው ደረጃ ከመሰላሉ ወልቆ ሳለ ስለ ላይኛው ማውራት ምን ይጠቅማል?

መምህርቷ፦ ይኼን በየስብሰባው ተናገሪው፤ እውነተኛ ነገር ነው። በቀበሌ የተሾመ እንጂ የተመረጠ ከሌለ፣ መብራት ጠፋ ውሃ ተቋረጠ ብላ አቤት የምትለው ሴት ፊቷ ያለው ሰው ወንበሩ የእሷ ድምፅ እንዳልሆነ ያውቃል። ወንድ ከዚህ ሌላም መንገድ አለው። በሥራው፣ በንግዱ፣ በመጠጥ ቤቱ ከባለሥልጣን ጋር ይገናኛል። ለአብዛኛዋ ሴት ግን ወደ ሥልጣን የሚወስደው ብቸኛ መንገድ በሠፈሯ በኩል ነው። እሱ ሲዘጋ ከሁሉ በላይ የምትጎዳው እሷ ናት።

ወጣቷ፦ እስኪከፈት ድረስስ ምን እናድርግ? እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ እንዳይቆጡኝ እንጂ። የሴቶች እድሩ ትልቅ ኃይል ነው። አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ መዝገብ አላቸው፣ በየወሩ ይሰበሰባሉ። እድሩን ብናንቀሳቅስ ፓርቲው ውስጥ ማንም አይችለንም።

መምህርቷ፦ እድሩን አትንኪ! እድር ሬሳ ሲያነሣ ፓርቲ አይጠይቅም። ድንኳኑ ሥር የገዢው ፓርቲ ሰውም፣ የተቃዋሚውም፣ ፖለቲካ ሲባል የሚያንገሸግሸውም አብሮ ይቀመጣል። ያንን መዝገብ ለቅስቀሳ ያወጣሽው ቀን አንዷ ቀብር ትቀራለች፤ አንዷ ከቀረች እድሩ ፈረሰ። ስንት ዘመን ከካድሬ ስንጠብቀው የኖርነውን ነገር ሴት ስለሆንሽ ብቻ አልሰጥሽም።

ወጣቷ፦ ታዲያ ሴት ኃይሏ ያለው እዚያ ነው ብለን እያወራን እዚያ አትንኪ ካሉኝ ምን ቀረኝ?

መምህርቷ፦ የቀረሽማ ዋናው ነው። መዝገቡን አትውሰጂ፤ ሙያውን ግን ውሰጂ። እድር የሚያስተምርሽን ቁጠሪው። ደንብ ማውጣት፣ ገንዘብ ይዞ በደረሰኝ ማስረከብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ያልከፈለን ሰው ሳያዋርዱ ማስከፈል፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን በአንድ ድንኳን ማሳደር። ይኼን የቻለች ሴት የወረዳ ኮሚቴ መምራት እንዴት ያቅታታል? ሰው አንቺን ማመኑ ደግሞ የራስሽ ነው፤ እሱን የትም ይዘሽ ብትሄጂ የማንንም ንብረት አልወሰድሽም። ወደ ሰው ቤት ስትሄጂ የፓርቲ ሰው ሆነሽ፣ ስምሽንና ዓላማሽን ተናግረሽ ሂጂ። እምቢ ካለሽ እሑድ እድር ላይ እንደ ትናንቱ ትስማላችሁ።

ወጣቷ፦ ይሁን፣ ተቀብያለሁ። እንግዲያው ዋናው ትግል ፓርቲው ውስጥ ነው ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ነው። እጩ የሚለየው ከምርጫው ቀን በፊት ነው፤ በምልመላ ስብሰባ ላይ። እስቲ ያንን ስብሰባ ንገሪኝ፤ መቼ ነው የሚካሄደው?

ወጣቷ፦ ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ነው። ከሥራ በኋላ ይባላል። በስልክ ይደዋወላሉ። እኛ ስንሰማ አልቋል። ደግሞም ከዋናው ስብሰባ በፊት ሌላ ስብሰባ አለ፤ አንድ ቤት ቁጭ ብለው ይጨርሱትና አዳራሹ የሚመጣው የተጨረሰ ስም ነው። ምርጫው በእጅ ማውጣት ስለሆነ የወረዳውን ሊቀ መንበር ፊት ለፊት እያየ እጁን የሚያጥፍ የለም። እኔን አንዴ ጠይቀውኛል። «ሴት ያስፈልገናል፣ ስምሽን እናስገባው» አሉኝ። ምን ልሠራ እንደምፈልግ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

መምህርቷ፦ አየሽ፣ አንዲት ሴትን ከፖለቲካ ለማስወጣት ሕግ አያስፈልግም። ስብሰባውን ማታ 1 ሰዓት ማድረግ ይበቃል። በዚያ ሰዓት ልጅ ራት ይበላል፤ መንገዱ ጨለማ ነው፤ አምሽታ ስትገባ ያያት ጎረቤት ወሬ ያበጃል። ወንዱ አመሸ ሲባል ሥራ በዛበት ነው፤ ሴቷ አመሸች ሲባል ሌላ ነው። ብዙ ብልህ ሴት የወጣችው በዚህ ነው፤ ማንም ሳያባርራት።

ወጣቷ፦ የስም ማጥፋቱ ነገር እኔንም ያስፈራኛል። ዛሬ ደግሞ በስልክ ፎቶ ቆርጠው ቀጥለው ያሠራጫሉ።

መምህርቷ፦ የሚያስፈራ ነገር አያስፈራም አልልሽም። ብቻሽን ከሆንሽ ይሰብርሻል። ስለዚህ ብቻሽን አትግቢ። አንዲት ሴት በኮሚቴ ውስጥ ጌጥ ናት፤ ስትናገር ዝም ይባላል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይታለፋል። ሦስት ሲሆኑ ግን አንዷ ሐሳብ ታቀርባለች፣ ሁለተኛዋ ትደግፋለች፣ ሦስተኛዋ በቃለ ጉባኤ ይያዝ ትላለች። ስም ሲጠፋም ሦስቱ አብረው ይቆማሉ። ሴት አትችልም የሚልሽ ካለ ብርቱካን ሚደቅሳን አስቢ። ዳኛ የነበሩ፣ ፓርቲ የመሩ፣ በዚህም ምክንያት የታሰሩ ሴት ናቸው፤ በ2011 ተመልሰው ምርጫ ቦርድን መሩ። ከእሳቸው በኋላም ቦርዱን ሴት ነው የያዘችው። ምርጫውን ሴት ልትመራው ከቻለች፣ በየወረዳው እጩ ሆና መቅረብ የሚያቅታት ምክንያት የለም። ያቃታት ፓርቲው ቤት ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ የሚቀጥለው የወረዳ ጉባኤ ላይ ምን ይዘን እንግባ? ሴቶች ይበረታቱ የሚል መግለጫማ ሰልችቶኛል።

መምህርቷ፦ መግለጫ ተዪው፤ ደንቡ ይሻሻል በሉ። የምልመላ ስብሰባ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ ቀን በብርሃን ይሁን፤ ልጅ ይዛ የመጣች ሴት አትመለስ። የአባላት መዝገብ ግልጽ ይሁን፤ ማን ድምፅ እንዳለው ሁሉም ይወቅ። ከዚህ በፊት ቤት ለቤት የዞረች አባል ሁሉ መታወቂያዋ ተሰጥቷት መዝገቡ ላይ ትስፈር። እጩ የሚለየው በእጅ ማውጣት ሳይሆን በምሥጢር ድምፅ ይሁን፤ ቆጠራውም እዚያው ሰው ፊት። ሴት እጩ የተመደበችበት የምርጫ ክልል ፓርቲው ባለፈው ምን ያህል ድምፅ እንዳገኘበት አብሮ ይገለጽ። የተመረጠ ሰው ደግሞ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በየሦስት ወሩ ሠፈሩ ተመልሶ የሠራውን ይናገር። የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙት፤ ሴት የሆነች ተመራጭም ብትሆን ከዚህ አትቀርም።

ወጣቷ፦ ይኼ የሚጠቅመው እኮ ሴቱን ብቻ አይደለም። ጓዳ ውስጥ የተቆረጠበት ወጣት ወንድም፣ ዘመድ የሌለው ድሃም ይጠቀምበታል።

መምህርቷ፦ ስለዚህም ብቻችሁን አትሆኑም። ሴት ለወንበር ስትጠይቅ የሚቃወም ብዙ ነው፤ የምልመላው በር ይከፈት ስትል ግን ከወንዱም የሚደግፋት ታገኛለች።

ወጣቷ፦ ሊቀ መንበሩ ጊዜ የለንም ብለው ቢዘጉትስ?

መምህርቷ፦ የተዘጋው ማን ሐሳብ አቅርቦ፣ ማን ደግፎ፣ ማን ተቃውሞ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጉ። በቃል የተባለ እምቢታ በማግሥቱ ማንም አላለውም ይባላል። የተጻፈው ግን ባለቤት አለው። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ መዋጮ ከምትሰበስቡባቸው ሴቶች ዘንድ ሂዱ። ገንዘባችሁን የሚቀበል፣ ድምፃችሁን ግን የማይቆጥር ቤት ይኸው ብላችሁ አሳዩዋቸው። ቅስቀሳ ሲመጣ ማን በር እንደሚያንኳኳለት ፓርቲው ያስብበት።

ወጣቷ፦ ካልሰማን አናንኳኳም ነው የሚሉት?

መምህርቷ፦ አዎ። በሩን ስናንኳኳላቸው የኖርነው እኛ ነን። በማን ስም እንደምናንኳኳ እኛም አብረን እንወስን፤ ከዚህ ያነሰ መጠየቅ የለብንም።